ዲስኩ ዝም ሲል ማን ይጠብቅ? የማከማቻ ታይምአውት እና የውሳኔው ባለቤት

አንድ ሰርቨር ሳይጠፋ ይቆማል። ከውጭ ሲጠየቅ በኔትወርክ አለሁ ይላል፣ መብራቶቹም ይበራሉ፤ ዳታቤዙ ግን መልስ አይሰጥም፣ አዲስ ተጠቃሚም መግባት አይችልም። ትንሽ ቆይቶ ሊኑክስ አንድ ፕሮሰስ ከ120 ሰከንድ በላይ ታግዶ እንደቆየ በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ይህን ያነበበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። ዲስኩ በእርግጥ ታሞ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የአንድ ዲስክ ሕመም የመላው ሰርቨር መቆም የሚሆንበትን መንገድ የሚወስነው፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ መልስ እስከ መቼ እንደሚጠብቅ የተቀመጠለት ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ታይምአውት ይባላል። ሊኑክስ ወደ ሳታ ወይም ስካዚ ዲስክ ለሚልከው ለእያንዳንዱ የማንበብና የመጻፍ ትዕዛዝ 30 ሰከንድ ይሰጣል። ለኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲዎችም የሚሰጠው ያንኑ 30 ሰከንድ ነው። የቅርብ ዓመታት ዊንዶውስ ሰርቨር 60 ሰከንድ ይጠብቃል። ፍሪቢኤስዲ ለስካዚ 60፣ ለሳታ 30 አድርጎታል። እነዚህ ሁሉ ሊቀየሩ የሚችሉ ናቸው፤ በሊኑክስ የስካዚ ዲስክን ገደብ ማሽኑ እየሠራ በአንድ መስመር ትዕዛዝ መለወጥ ይቻላል። ሊቀየሩ የሚችሉ መሆናቸው ግን አስተዳዳሪውን ለከባድ ጥያቄ ያጋልጠዋል፤ ወደ ላይ ነው ወደ ታች? በአንዱ መመሪያ 7 ሰከንድ ይመከራል፣ በሌላው 180፣ በሦስተኛው ደግሞ ማለቂያ የሌለው ያህል። ሦስቱም በየቦታቸው ትክክል ናቸው። ለምን እንደሆነ የሚገባን ቁጥሩን ከዲስኩ ፍጥነት ጋር ማያያዝ ትተን፣ ዲስኩ ዝም ሲል ሌላ አማራጭ ያለው ማን ነው ብለን ስንጠይቅ ነው።

30 ሰከንድ ምን ያህል ነው?

በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንዱን ዙር በ8.3 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል። በ30 ሰከንድ ውስጥ 3,600 ጊዜ ይዞራል። በሳታ ወረፋ ላይ በአንድ ጊዜ ሊሰለፉ የሚችሉት ትዕዛዞች 32 ናቸው፤ ጤነኛ ዲስክ ሁሉንም ተራ በተራ ቢሠራቸው እንኳ የመጨረሻው አንድ ሰከንድ አይጠብቅም። እንግዲህ ገደቡ የተሰፋው ለተለመደው ቀን አይደለም፤ ለልዩ ሁኔታ ነው። ኃይል ለመቆጠብ ቆሞ የነበረ ዲስክ ሞተሩ ፍጥነቱን እስኪይዝ ሰከንዶች ይፈልጋል። አንድ የተጎዳ ቦታን ደጋግሞ ለማንበብ የሚታገል ዲስክ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በካሽ ያለውን ሁሉ ወደ ቋሚ ቦታ አውርድ የሚለው ትዕዛዝ ደግሞ በባሕርዩ ረጅም ስለሆነ ሊኑክስ ለእሱ ገደቡን በእጥፍ አሳድጎ 60 ሰከንድ ይሰጠዋል።

ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ግን አንድን ንባብ በ100 ማይክሮሰከንድ አካባቢ ይመልሳል። ለእሱ 30 ሰከንድ ማለት አንዱን ከአንዱ አስከትሎ 300 ሺህ ንባብ የሚሠራበት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ለአምስት ሰከንድ ዝም ካለ አንድ ነገር እንደተሰበረ መገመት ይቻላል፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ግን ሌላ 25 ሰከንድ ይቀመጣል። ታዲያ ለምን አይቀነስም?

ጊዜው ሲያልቅ የሚሆነው

የድረ ገጽ ማሰሻ መልስ ሲዘገይበት ጥያቄውን ረስቶ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። የዲስክ ትዕዛዝ እንዲህ አይረሳም። የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ንባብ ሲያዝ ለመሣሪያው የማስታወሻ አድራሻ ይሰጠዋል፤ መሣሪያውም መረጃውን ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር በቀጥታ እዚያ ቦታ ላይ ያሰፍራል። ከርነሉ ሰዓቱ አልፏል ብሎ ያንን ቦታ ለሌላ ፕሮግራም ቢያስረክብና የዘገየው መልስ ከዚያ በኋላ ቢደርስ፣ የሌላው ፕሮግራም መረጃ ላይ ይጻፍበታል። ውጤቱ ማንም ምንጩን የማያገኘው ብልሽት ነው። ስለዚህ የጊዜ ገደቡ ማለቅ የሥራው መጨረሻ ሳይሆን አንድ ረጅም ሂደት የሚጀምርበት ነጥብ ነው፤ የሂደቱ ዓላማም መሣሪያው ያንን ትዕዛዝ በእርግጥ እንደተወው ማረጋገጥ ነው።

በስካዚ ሥርዓት ይህ ሂደት ደረጃ በደረጃ ይከብዳል። ከርነሉ መጀመሪያ ያንን አንድ ትዕዛዝ ሰርዝ ይላል። መልስ ከሌለ መሣሪያውን እንደ አዲስ ያስነሳል። እሱም ካልሠራ መስመሩን፣ በመጨረሻም ዲስኮቹ ሁሉ የተሰኩበትን አስማሚ ካርድ እንደ አዲስ ያስነሳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ዲስኩ ዝም ካለ ከአገልግሎት ውጭ ይደረጋል። ከሥረዛ አልፎ ወደ ከባዱ ደረጃ ሲገባ በዚያው ካርድ ላይ ያሉ ጤነኛ ዲስኮችም አዲስ ትዕዛዝ አይቀበሉም። የአንዱ ዲስክ ዝምታ አሥር ጎረቤቶቹን የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። በኤንቪኤምኢም ተመሳሳይ ነው፤ ሥረዛው ካልተሳካ ኮንትሮለሩ በሙሉ እንደ አዲስ ይነሳል፣ በሂደት ላይ የነበሩ ትዕዛዞችም አብረው ይቋረጣሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ 30 ሰከንድ 30 ሰከንድ አለመሆኑ ነው። የስካዚ ዲስክ ትዕዛዝ በነባሪው እስከ አምስት ጊዜ ሊደገም ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ሙከራ ሲጨመር ጠቅላላው ጥበቃ 180 ሰከንድ ሊደርስ ይችላል፤ መካከል ላይ ያሉት የማስነሳት ሙከራዎችም የየራሳቸው ጊዜ አላቸው። አስተዳዳሪው 30 ላይ አስቀምጬዋለሁ ብሎ ፕሮግራሙ ለሦስት ደቂቃ ሲቆም የሚያየው ለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ ገደቡን ያለ ልክ ማሳጠር ችግሩን ማባዛቱ ነው። በሁለት ሰከንድ ያልፍ የነበረ መጠነኛ መዘግየት፣ ገደቡ አንድ ሰከንድ ከሆነ፣ ካርዱን ሙሉ ወደሚያስነሳ ሂደት ሊያድግ ይችላል።

መጻፍን በተመለከተ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ይጨመራል። መልሱ ያልመጣ የመጻፍ ትዕዛዝ ተጽፎ ይሁን ሳይጻፍ ቀርቶ ከርነሉ አያውቅም። የጊዜ ገደብ ማለቅ የመልሱን አለመድረስ እንጂ የሥራውን አለመሠራት አይናገርም።

የሬይድ ወጥመድ፦ 7፣ 30 እና 180

ነባሪው ቁጥር ብዙ ጉዳት ያደረሰው ለጠረጴዛ ኮምፒውተር የተሠሩ ርካሽ ዲስኮች በሬይድ፣ ማለትም የአንዱ ዲስክ መረጃ ከሌሎቹ መልሶ ሊገኝ በሚችልበት ድርድር፣ ሲደረደሩ ነው። ለአንድ ሰው ኮምፒውተር የተሠራ ዲስክ በውስጡ ያለው መረጃ ሌላ ቅጂ እንደሌለው ይገምታል። ስለዚህ አንድ ሴክተር አልነበብ ሲለው ተስፋ አይቆርጥም፤ ሁለት ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊታገል ይችላል፣ በዚያ ጊዜም ሌላ ትዕዛዝ አይሰማም። ለሬይድ የተሠራ ዲስክ በተቃራኒው ሌላ ቅጂ እንዳለ ያውቃል። ብዙውን ጊዜ በ7 ሰከንድ ውስጥ ያንን ሴክተር ማንበብ አልቻልኩም ብሎ ይመልሳል። ዌስተርን ዲጂታል ይህን ባሕርይ ቲኤልኢአር ይለዋል፣ ሲጌት ኢአርሲ፤ ስሙ በየፋብሪካው ቢለያይም ሥራው አንድ ነው።

7 ሰከንድ ከ30 ስለሚያንስ ነገሩ በሰላም ያልቃል። የሊኑክስ ሬይድ የስህተቱን መልስ ሲያገኝ የጠፋውን መረጃ ከሌሎቹ ዲስኮች አስልቶ ለፕሮግራሙ ይሰጣል፣ በዚያው ቦታ ላይም መልሶ ይጽፈዋል፣ ዲስኩም ሲጻፍበት የተጎዳውን ሴክተር በመለዋወጫ ይተካዋል። ተጠቃሚው ምንም አያውቅም።

የጠረጴዛው ዲስክ ግን ገና እየታገለ ሳለ 30ው ሰከንድ ያልቃል። ከርነሉ ሰርዝ ይላል፤ ዲስኩ አይሰማም። እንደ አዲስ ያስነሳል፤ ዲስኩ አሁንም በውስጥ ሥራው ተጠምዷል። በመጨረሻ ዲስኩ ከአገልግሎት ይወጣል፣ ሬይዱም ሞቷል ብሎ ያባርረዋል። ጥፋቱ ከአንድ ሴክተር አይበልጥም ነበር። አዲስ ዲስክ ገብቶ መልሶ ግንባታ ሲጀመር ደግሞ የቀሩት ዲስኮች ከጫፍ እስከ ጫፍ መነበብ አለባቸው። ለዓመታት ያልተነካ ሌላ የተጎዳ ሴክተር የሚገኘው ያኔ ነው፤ ያው ታሪክ ይደገምና ሁለተኛው ዲስክ ይባረራል። አንድ ዲስክ ብቻ ማጣት በሚችለው ሬይድ 5 ላይ ይህ ማለት ድርድሩ በሙሉ ወደቀ ማለት ነው። ሁለት ዲስክ ሞተብኝ የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የያዘው በየራሳቸው ጥቂት ሴክተር የጎደላቸው፣ አሁንም የሚሠሩ ሁለት ዲስኮችን ነው።

መፍትሔው ሁለት መንገድ አለው። ዲስኩ የሚፈቅድ ከሆነ ስማርትሲቲኤል በተባለው መሣሪያ የንባብና የጽሕፈት ትግሉን 7 ሰከንድ ላይ ማቆም ይቻላል፤ መሣሪያው የሚቆጥረው በሰከንድ አሥረኛ ስለሆነ የሚሰጠው ቁጥር 70 ነው። ዲስኩ የማይፈቅድ ከሆነ የከርነሉን ገደብ ወደ 180 ከፍ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ይሻላል፣ ምክንያቱም አማራጭ ያለው ሬይዱ ስለሆነ ስህተቱን ቶሎ መስማት ይገባዋል። ሁለተኛው ሰርቨሩን ለደቂቃዎች ያንገላታል፤ ሆኖም ድርድሩን ያድናል። አንድ ነገር በተለይ መታወቅ አለበት፦ በብዙ ዲስኮች ላይ ይህ የ7 ሰከንድ ቅንብር ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር አንድ ጊዜ አስተካክዬዋለሁ ማለት አይበቃም፤ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ቅንብሩን የሚመልስ ስክሪፕት ያስፈልጋል።

የፋብሪካዎቹ ድርሻ እዚህ ላይ ቀላል አይደለም። ስህተትን በጊዜ የመናገር ችሎታ የሶፍትዌር ጉዳይ ቢሆንም፣ በብዙ ርካሽ ሞዴሎች ላይ ተዘግቶ ለውድ ሞዴሎች መለያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ዌስተርን ዲጂታል ለቤትና ለአነስተኛ ቢሮ ሬይድ ከሚሸጣቸው ሬድ ዲስኮች አንዳንዶቹ፣ ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ያሉት፣ ትራኮቹን እንደ ጣሪያ ክዳን በሚያደራርብ የአጻጻፍ ስልት እንደሚሠሩ አመነ። እንዲህ ያሉ ዲስኮች ብዙ ሲጻፍባቸው የውስጥ ቦታቸውን ለማደራጀት ረጅም ጊዜ ዝም ይላሉ። ለገዢዎቹ ይህ ሳይነገራቸው ስለቆየ፣ መልሶ ግንባታ ላይ ዲስኮች ሲባረሩባቸው ምክንያቱን በሌላ ቦታ ሲፈልጉ ነበር።

ክላውድ ላይ ስሌቱ ይገለበጣል

አማዞን ላይ ለተከራየ ማሽን ዲስክ ሆኖ የሚታየው ነገር ዲስክ አይደለም። ከኔትወርክ ማዶ ያለ አገልግሎት ነው፣ ቅጂዎቹንም የሚያስተዳድረው አማዞን ነው። አንድ ማከማቻ ቢወድቅ ወደ ሌላው የሚያዞረው እሱ ነው። በተከራየው ማሽን ውስጥ ያለው ከርነል ግን በ30 ሰከንድ ስህተት ቢያውጅ ምን ሊያደርግ ይችላል? ሌላ ቅጂ በእጁ የለም። የፋይል ሲስተሙ ስህተቱን ይሰማና እንደ አቀማመጡ ራሱን ወደ ንባብ ብቻ ይቀይራል ወይም ይዘጋል። ከጀርባ ያለው አገልግሎት በ40ኛው ሰከንድ ቢያገግም እንኳ ማሽኑ ሰው መጥቶ እስኪያስነሳው ወድቆ ይቆያል።

ስለዚህ አማዞን የኤንቪኤምኢው ገደብ እስከሚፈቀደው ጫፍ እንዲሰቀል ይመክራል። በድሮዎቹ ከርነሎች ጫፉ 255 ሰከንድ ነበር፣ ቁጥሩ የሚቀመጠው በአንድ ባይት ነበርና። በአዲሶቹ 4,294,967,295 ሰከንድ ሆኗል፤ ወደ ዓመት ሲመለስ 136 ዓመት ገደማ ነው፣ በሌላ አነጋገር ገደብ የለም። የማይክሮሶፍት አዙር የሊኑክስ ወኪል ለሥር ዲስኩ 300 ሰከንድ ያስቀምጣል። የቪኤምዌር መሣሪያዎች በሊኑክስ እንግዳ ማሽን ላይ 180 ሰከንድ አድርገዋል። የሁሉም ሐሳብ አንድ ነው፤ እኛ እስክናስተካክል አንተ ታገስ።

ያለ ገደብ መጠበቅ ግን የራሱ ዋጋ አለው። በዲስክ መልስ ላይ የታገደ ፕሮሰስ በሊኑክስ ሊገደል እንኳ አይችልም። ስህተት ስላልተመለሰ ፕሮግራሙ ወደ ተጠባባቂው አይዞርም። የክትትል ሥርዓቱ ማሽኑ በኔትወርክ ስለሚመልስለት ሕያው ነው ይላል። ጥያቄዎች ግን በላዩ ይከመራሉ። አማዞን ራሱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2011 ይህን በትልቁ አይቷል። በአሜሪካ ምሥራቅ ባለው አንድ የአገልግሎት ቀጠና በአንድ የኔትወርክ ማስተካከያ ስህተት ምክንያት የማከማቻ ኖዶች ከቅጂዎቻቸው ጋር ያላቸውን ግንኙነት አጡ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አዲስ ቅጂ መሥሪያ ቦታ ፍለጋ ተነሱ፣ በዚያው ቀጠና ካሉት ቮልዩሞች፣ ማለትም ለተከራይ ማሽኖች ዲስክ ሆነው ከሚታዩት፣ 13 በመቶ ያህሉ ተጣበቁ። ችግሩ ከዚያ ቀጠና ያለፈው ግን በረጅም የጊዜ ገደብ ነበር፤ አዲስ ቮልዩም የመፍጠር ጥሪዎች ረጅም ታይምአውት ስለተሰጣቸው መልስ ሳያገኙ ተከመሩ፣ የጋራ የሆነው የአስተዳደር አገልግሎት ሠራተኛ ክሮቹን ጨረሰ፣ በዚህም ጤነኛ ቀጠናዎች ውስጥ ያሉ ደንበኞች ተጎዱ።

መሰላሉ

በትልልቅ ተቋማት አንድ ትዕዛዝ ከዳታቤዙ እስከ ዲስኩ ብዙ ንብርብር ያልፋል፣ እያንዳንዱም የራሱ ሰዓት አለው። የሬይዱ ታሪክም የክላውዱም የሚያስተምሩት ሰዓቶቹ እንደ መሰላል መደርደር እንዳለባቸው ነው፤ አማራጭ ያለው ንብርብር ከሥሩ ያለው ቶሎ ሊነግረው፣ ከላዩ ያለው ደግሞ እስኪዞር ሊታገሰው ይገባል።

ወደ ማከማቻው ሁለት መንገድ ያለው ሰርቨር እንውሰድ። በሊኑክስ የመልቲፓዝ አገልግሎት የፋይበር ቻናል መንገድ ሲቋረጥ በነባሪው 5 ሰከንድ ጠብቆ ትዕዛዞቹን በሌላው መንገድ ይልካል። በአይስካዚ ግን ነባሪው 120 ሰከንድ ነው፣ ምክንያቱም መንገዱ አንድ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ታስቦ የተቀመጠ ቁጥር ነው። መንገዱን ሁለት አድርጎ ይህን ቁጥር ሳይነካ የተወ ሰው ለሁለተኛው መንገድ ገንዘብ ከፍሎ ሁለት ደቂቃ ሊጠብቅ ይችላል። ኦራክል ራክ የተባለው የዳታቤዝ ክላስተር ደግሞ ኖዶቹ እርስ በርስ ለመሰማማት 30 ሰከንድ፣ ለድምፅ መስጫ ዲስኩ 200 ሰከንድ ይሰጣል። የማከማቻው ንብርብር መንገድ እስኪቀይር ከ200 ሰከንድ በላይ ከወሰደበት፣ ጤነኛው ኖድ ራሱን ከክላስተሩ ያወጣል። መንገዱ ከዚያ በኋላ ቢስተካከል ለዚያ ኖድ አይጠቅመውም።

ከሁሉም በላይ ያለው ፕሮግራሙ ነው፣ እሱም ስህተትን በመቀበል ረገድ ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የፖስትግሬስ ዳታቤዝ አዘጋጆች አንድ አስደንጋጭ ነገር ተገነዘቡ። ሊኑክስ ወደ ዲስክ መጻፍ ሳይሳካለት ሲቀር ስህተቱን አንድ ጊዜ ተናግሮ ያልተጻፈውን ገጽ እንደ ተጻፈ ሊቆጥረው ይችላል፤ ዳታቤዙ ድጋሚ ሲሞክር ተሳካ ይባላል፣ መረጃው ግን የለም። በፌብሩዋሪ 2019 በወጣው 11.2 እትም ፖስትግሬስ እንዲህ ያለ ስህተት ሲሰማ ራሱን አቁሞ ከመዝገቡ እንዲያገግም ተደረገ። ይህ ታሪክ ረጅም ትዕግስትን ለሚመርጡት ጠንካራ መከራከሪያ ነው፤ ስህተት ወደ ላይ መላክ የሚጠቅመው ተቀባዩ በትክክል ሲይዘው ብቻ ነው።

ወዴት ያመራል?

በቅርብ ዓመታት የታየው አቅጣጫ ለመላው ዲስክ አንድ ቁጥር ከመስጠት ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ የራሱን ገደብ ወደ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሊኑክስ 6.5 ለሃርድ ዲስኮች የትዕዛዝ ቆይታ ገደብ የሚባለውን ደገፈ። በዚህ አሠራር ከርነሉ ትዕዛዙን ሲልክ በምን ያህል ጊዜ መመለስ እንዳለበት ለዲስኩ ይነግረዋል፣ ጊዜው ሲያልፍ የሚያቋርጠውም ዲስኩ ራሱ ነው። ጥቅሙ ትልቅ ነው። ያቋረጠው መሣሪያው ራሱ ስለሆነ የማስታወሻ ቦታው ጉዳይ አያጠራጥርም፣ ካርዱን የማስነሳት ጣጣም የለም። ገደቡ የሚሠራው ግን ይህን በሚያውቁ አዳዲስ ዲስኮች ላይ ብቻ ነው፣ እነሱም በዋናነት ለትልልቅ ዳታ ሴንተሮች የሚሸጡ ናቸው። ለትንሹ ገዢ መድረሱ በፋብሪካዎቹ ፈቃድ ላይ ይመሠረታል፤ የ7 ሰከንዱን ታሪክ ያየ ሰው በዚህ ላይ ብዙ ተስፋ መጣል አይችልም።

ሁለተኛው መንገድ ታይምአውትን ጨርሶ አለመጠበቅ ነው። የጉግል መሐንዲሶቹ ጄፍ ዲን እና ሉዊስ ባሮሶ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ የጉግልን አሠራር አሳይተዋል፤ አንድ ጥያቄ ለ10 ሚሊሰከንድ ካልተመለሰ ያንኑ ጥያቄ ወደ ሌላ ቅጂ መላክና ቀድሞ የደረሰውን መቀበል። በሰጡት ምሳሌ፣ ከሺህ አንዱ የሚያልፈው የመዘግየት ልክ ከ1,800 ሚሊሰከንድ ወደ 74 ወርዷል፣ የተጨመረው ጥያቄ 2 በመቶ ብቻ ነው። ይህ መንገድ ታይምአውት የማያየውንም ሕመም ያክማል፤ በየትዕዛዙ 29 ሰከንድ እየፈጀ የሚመልስ ዲስክ 30ን ስለማያልፍ ለከርነሉ ጤነኛ ነው፣ አገልግሎቱን ግን ገድሎታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ከ12 ተቋማት 101 እንዲህ ያሉ ሳይሞቱ የዘገዩ መሣሪያዎችን ሪፖርት ሰብስቧል። ሆኖም ጥያቄን ማባዛት ለንባብና ብዙ ቅጂ ላለው ብቻ ነው የሚሆነው።

ሦስተኛው፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚቀርበው፣ ነባሪው 30 ባለበት መቆየቱ ነው። የከርነሉ አዘጋጆች ቢያሳጥሩት የዘገየ ግን ጤነኛ ዲስክ ያላቸው ይጎዳሉ፤ ቢያስረዝሙት ክላስተሮች ይቆማሉ። ከርነሉ ከሥሩ ያለው መሣሪያ ነጠላ ይሁን ከብዙ ቅጂ አንዱ በራሱ ሊያውቅ ስለማይችል፣ የሚያውቀው ማሽኑን የተከለው ሰው ነው። ሊኑክስ ከ4.10 ጀምሮ ለሬይድ ዲስኮች በፍጥነት ውደቅ የሚል ምልክት መስጠት መፍቀዱም ይህንኑ እውቀት ከሰው ለመቀበል ነው፤ ምልክቱ በነባሪው አይበራም።

ስለዚህ ዛሬ በእጅ ያሉ ሁለት ዓይነት ማሽኖች አስቸኳይ እርማት ይፈልጋሉ፣ ምክንያታቸውም ተቃራኒ ነው። የጠረጴዛ ዲስኮችን በሬይድ የያዘ ሰርቨር ዲስኮቹ በ7 ሰከንድ እንዲናገሩ፣ ካልቻሉም ከርነሉ 180 እንዲታገስ መደረግ አለበት፣ ይህም በተነሳ ቁጥር። የክላውድ ቮልዩም ላይ በነባሪው 30 የሚሠራ ነጠላ ማሽን ደግሞ ገደቡ ከፍ ሊል ይገባል፤ ዳታቤዙ በሌላ ማሽን ላይ ተጠባባቂ ካለው ግን 136 ዓመት ከመጠበቅ ይልቅ ተጠባባቂው ሥራውን የሚረከብበት ሰዓት በዳታቤዙ ንብርብር ላይ መቀመጥ፣ የክትትል ሥርዓቱም የኔትወርክ መልስን ትቶ ወደ ዲስኩ በእርግጥ መጻፍ መቻሉን መፈተሽ አለበት።